ጆሮ ያጣ መውቂያ

አርዲቦ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሀፊዛ፤ በሄድሽበት ሁሉ የአላህ ጥበቃ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። እኛ ዝናቡን እየጠበቅን አለን። እናትሽ ረቢያ ደህና ናት፣ ላሟም ወልዳለች። ጥጃዋ እንደ ባለቤቷ ግትር ናት ይላሉ፤ እኔ አላልኩም።

ከአባትሽ የአጎት ልጅ ከኑርዬ ደብዳቤ መጣ ብለሽ እንዳትደነግጪ። መርዶ የለም። ስልክ አይሻልም ወይ ትይ ይሆናል፤ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ መውቂያ ማሽን አጠገብ ቆሜ ስንት መኸር ሳሳልፍ ጩኸቱ ይዞት ሄደ። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አያለሁ፤ ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፣ የጎረቤታችን የሙንተሲር እህት ሰሚሃ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ኔትወርክ ያለ ቀን ይደርስሻል። አንቺም እንዲሁ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የሰው የእጅ ጽሑፍ ማየት ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ መውቂያው ነው። ባለፈው ጁምዓ ከውጫሌ ቆራሌዎች በአይሱዙ መጡ። ጓሮዬ ውስጥ ቁልቋል የበቀለበትን መውቂያ ዞር ዞር ብለው አዩትና በኪሎ ሽጥልን አሉኝ። በኪሎ፣ እንደ ሽንኩርት። ያ ብረት የስንት ቀበሌ ስንዴ የወቃ ነው፣ እኔም ማሽኒስቱ ነበርኩ። እምቢ አልኳቸው። ሲሄዱ የአንደኛውን ከንፈር አየሁት፤ «ሽማግሌው ሲሞት እንመለሳለን» አለ። ሰው ደንቆሮ ፊት ሲያወራ አይጠነቀቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫም መቆሚያም አጣሁ። ሳልሞት አስነሳዋለሁ ብዬ ተነስቻለሁ።

ችግሩ ቀፎው ብቻ ነው እኔ ጋ ያለው። ማኅበሩ በ83 ሲፈርስ ማንም ለብቻው እንዳይሸጠው ብለን ፈታታነውና እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ዕቃ በአደራ ወሰደ። አሁን ከየቤቱ እሰበስባለሁ። ካንቺ የምፈልገው ሁለት ኩሽኔታ ብቻ ነው፤ ስንዴውን የሚመታው ከበሮ የሚዞርባቸው። የአሮጌዎቹ ቁጥር ሰሚሃ አብራ በላከችልሽ ፎቶ ላይ ይታያል። እዚህ ጠይቄ የለም ተባልኩ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሸፍንሽ።
አጎትሽ ኑርዬ

&nbsp;

ሻርጃ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ ኑርዬ፤ ወዐለይኩሙ ሰላም። የአርዲቦ ዝናብ በልኩ ይምጣልዎ፤ የዚህ አገር ሙቀት ግን ለጠላትም አይድረስ። ጽሑፍዎን ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ሁለቱም ካለፉ በኋላ የቀረኝ አሥር ሰዓት የቆምኩበት እግሬ ሕመም ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ይሽጡትና ይገላግሉን ልል ነበር። ዝገት ነው እኮ አባባ። እኔ ሳልወለድ የተፈታ ማሽን ነው፤ በልጅነታችን ድብብቆሽ ስንጫወት የምንገባበት ነው የሚመስለኝ እንጂ ሥራ ይሠራል ብዬ አላውቅም። የቆራሌውን ከንፈር ካነበብኩ በኋላ ግን እኔም ሰውየውን ጠላሁት። ኩሽኔታውን እፈልጋለሁ። እዚህ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሰፈር አለ፤ በዕረፍቴ ቀን እሄዳለሁ።

እኔ ያው ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነኝ። የምናጥበው የሆቴል አንሶላ ነው፤ ማሽኖቹ አንዳንዳቸው ጎጆ ያህላሉ። ሲዞሩ ይውላሉ፤ እኔም አብሬ የምዞር ይመስለኛል። ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል። ኃላፊያችን ከአሁኑ ትፈርሚያለሽ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እናቴን ብጠይቃት «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ወንድሜን ብጠይቀው «አብሽሪ»። አገር ቤት ያለ ሰው ሁሉ ውጭ ላለ ሰው ያለው ቃል ይኸው ብቻ ነው። አንቱ ግን ቃል የሚያጥርዎ ሰው አይደሉም። መውቂያው ከተነሳ ከጎኑ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል ወይ? ልፈርም ወይስ ልምጣ? ምን ይሉኛል?

ዱዓዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ሀፊዛ

&nbsp;

አርዲቦ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሀፊዛ፤ የሰው አገር ሰው እንደ እናት ይሁንሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። የዘገየሁት ሽምግልና ላይ ስለነበርኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመውቂያው ወንፊት ኡሙሰልማ ቤት ነው፤ በርበሬ ታሰጣበታለች። በአደራ የሰጠሁሽን መልሺ ብላት፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ከዝናብ ከፀሐይ ያሳደግኩትን፣ ብቻህን መጥተህ በባዶ እጅህ ልትወስድ ነው?» አለችኝ። ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሴት ልጁን እንደሚጠየቅ አባት ኮርታ ተቀምጣ መጀመሪያ ቀን እናስብበታለን ብላ መለሰችን፤ በሁለተኛው ቀን እሺ አለች፣ ወንፊቱንም ዘይት ቀብታ አስረከበችን። ይኼ ወሬ ቀድሞኝ ሄደና ከዚያ ወዲህ ማንም ያለ ሽማግሌ አልሰጥም አለ። ሀምዱ የማራገቢያውን ክንፎች የዶሮ ቤት በር አድርጎታል፤ ለእርሱም ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ተሰላቹና ለብረት ይህን ያህል ከለመንክ ለራስህ ሚስት ብንለምንልህ ይሻል ነበር ይሉኛል።

ሞተሩን ከመውቂያው ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አትጠይቂኝ። ላስቲክ ነውና ጫማ ሆኖ አልቋል፤ ግማሹ ቀበሌ ተራምዶበታል። ስለዚህ ከኩሽኔታው ጋር ቺንጋም ጨምሪልኝ፤ ልኩን ሰሚሃ በክር ለክታ ጽፋልሻለች።

የቀረው ትልቁ ነው። ከበሮውን ሳይንቀጠቀጥ እኩል የሚያዞረው ከባድ የብረት ጎማ፣ ቮላኖ የምንለው፣ የማዶው ጊዮርጊስ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ደወል ሆኗል። ያን ጊዜ የደረሰው ለቄስ ይመር ቤት ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ስንት ዘመን ሲቀድስ የኖረን ብረት እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ እያሰብኩ ነው። ከቄሱ ጋር አብረን ያረስን ነን፣ ግን ይኼ የእሳቸው ብቻ አይደለም።

ስለ ሥራሽ ጉዳይ፣ አብሽሪ። አላህ ያሰበው ይሆናል።

አጎትሽ ኑርዬ

&nbsp;

ሻርጃ፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ኑርዬ፤ አዲሱ ዓመት የጥጋብ ይሁንልዎ።

ኩሽኔታውንም ቺንጋውንም አግኝቻለሁ። እዚህ ይሠራ የነበረው የሰሚሃ ወንድም ሙንተሲር ጠቅልሎ ወደ አገር እየገባ ነው፤ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ሻንጣው ውስጥ ለሚስቱ ከገዛው ሽቶ ጋር አብሮ ገብቷል፤ ቅባቱ ቢሸትዎ አይደነቁ። ሻጩ ሕንዳዊ ለምን ማሽን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሽማግሌ እየተላከለት ስለሚሰበሰብ ማሽን ብነግረው አያምነኝም፣ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ሰሞኑን ምን ሆነ መሰለዎ። አንደኛው ማጠቢያ ሲዞር ድምፁ ተለወጠብኝ። ከውስጥ አንድ ነገር ቋ ቋ ይላል። ለማሽን ጠጋኛችን ብነግረው ደህና ነው አለ። አቁሙት ብዬ አስቸገርኩ፤ ሲከፈት ኩሽኔታው ተበልቶ ሊሰበር ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ጠጋኙ ማሽን ሲሞክር ይጠራኛል፤ እኔ አዳምጣለሁ፣ እሱ ይፈታል። እንዴት እንደለመድኩት እኔም አላውቅም። እዚህ ከማሽን ሌላ የሚያወራኝ ስለሌለ ይሆናል።

አባባ፣ ጥያቄዬን ዘለሉት። አብሽሪ ብለው ሲጽፉ እጅዎን ምን ያዘው? እኔ የጠየቅኩት ከባድ ነገር አይደለም። ኃላፊው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ንገሪኝ ብሎኛል። ሁለቱን ቃል ጽፌልዎታለሁ፤ ፈርሚ ወይም ነይ። አንዱን ይጻፉልኝ።

ሀፊዛ

&nbsp;

አርዲቦ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀፊዛ፤ እጅሽ አይንጠፍ። መንገዱ ተዘግቶ ሙንተሲር ኮምቦልቻ ከርሞ መጣ። ኩሽኔታው ልክክ ብሎ ገባ። እውነትም ሽቶ ሽቶ ይላል፤ መውቂያው እንደ ሙሽራ ሸተተ።

የቮላኖውን ነገር ልንገርሽ። ሽማግሌዎቻችንን ይዤ ተሻገርኩ። ቄስ ይመር ምእመናኑን ሰበሰቡ። አንዱ ደወል አይዋስም አለ። ሌላው ደግሞ የጊዮርጊስ ስንዴስ በምን ይወቃ፣ በሬው በድርቁ አልቆ የለም ወይ አለ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በቄሱ ዋስትና አዋሱን፤ ዘንድሮ የሁላችንም ስንዴ ይወቃበት፣ ከዚያ ወደ ዛፉ ይመለሳል ተባለ። ቮላኖው ከዛፉ ከመውረዱ በፊት ቄሱ አንዴ መቱት። ለመሰናበት ነው አሉኝ። ገመዱ አርጅቶ ኖሮ ሲወርድ ከእጃችን አምልጦ ድንጋይ ላይ አረፈ፤ አልሐምዱ ሊላህ እግር አልነካም። ብረት ነው፣ ምን ይሆናል።

ሞተር ከወፍጮ ቤቱ ተውሰን ትናንት ባዶውን አስነሳሁት። ዞረ ልጄ። ይህን ሁሉ ዘመን ቁልቋል ሲያበቅል ኖሮ ዞረ። ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ለእኔ እንኳን ድምፅ የለውም፤ መዳፌን ቀፎው ላይ አስደግፌ ነው የማዳምጠው፣ መዳፌም ደህና ነው አለኝ። ሰሚሃ ድምፁን በስልኳ ቀድታልሻለች፤ እኔ የማልሰማውን አንቺ ስሚልኝ። ስንዴው እንደ ደረቀ ኡሙሰልማ አውድማ ላይ እንጀምራለን፤ ጅጌው ተጠርቷል፣ ለደቦው ከማዶም ከወዲህም ሰው ይመጣል።

ስለ ኮንትራቱ እናትሽን ጠይቂ። እኔ ምን አውቃለሁ።

አጎትሽ ኑርዬ

&nbsp;

ሻርጃ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ ኑርዬ፣ ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አደርሳለሁ። ማሽኑን እንዳያስነሱት። ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁት። ጠጋኛችንንም አሰማሁት፤ ቋንቋ አያስፈልገውም፣ ፊቱ ተለወጠ። ኩሽኔታው ደህና ነው። ችግሩ ከባዱ ጎማ ነው፤ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል፣ እንደተሰነጠቀ ገንቦ። ድንጋይ ላይ አረፈ ያሉት ቮላኖ ነው። እንዲህ ያለ ብረት በፍጥነት ሲዞር ከፈነዳ በአውድማው ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ይጨርሳል። አንቱ ደግሞ ከሁሉም ቀርበው ነው የሚቆሙት።

ሰሚሃ፣ ይህን እንዳነበብሽ ሩጪ።

ሀፊዛ

&nbsp;

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ኑርዬ። የላክኩት አልደረሰም መሰለኝ፤ እስካሁን እንዳልታየ ነው የሚያሳየኝ። የእናቴም ስልክ አይሠራም፣ የሙንተሲርም። ከወሎ የመጣ ሰው ባገኝ ብዬ በየዕረፍቴ ቀን ሀበሻ ወዳለበት እሄዳለሁ። አንዲት የሐይቅ ልጅ አገኘሁ፤ በእናንተ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ቆየ አለችኝ። ስንዴው ደርቋል ወይ ብዬ ስጠይቃት ሳቀችብኝ።

ማጠቢያው ውስጥ አንድ ማሽን ሲንኳኳ የያዝኩትን ጥዬ ወደ እሱ እሮጣለሁ። አንሶላ ሳጥፍ አውድማው ይታየኛል፤ ሰው ከቦት፣ አንቱ መዳፍዎን አስደግፈው። ኃላፊው ወረቀቱን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። አጎቴ ሳይመልስልኝ አልፈርምም አልኩት። «አጎትሽ የሚድርሽ ወሊይ ነው ወይ?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን መልሱን ሳይሆን አሁን ጽሑፍዎን ብቻ ባየሁ ይበቃኛል። ከፈለጉ አብሽሪ ብለው ይጻፉ፣ አልቆጣም።

ሀፊዛ

&nbsp;

አርዲቦ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሀፊዛ፤ አላህ ስጋትሽን ሁሉ በደስታ ይለውጥልሽ። በሕይወት አለሁ። ኔትወርኩ ትናንት ተመለሰና ሁለቱም ደብዳቤሽ አንድ ላይ መጣ፤ ሰሚሃ እንዳልሽው እየሮጠች አመጣችው። ሩጫው ግን ዘግይቷል። የሆነው አስቀድሞ ሆኗል፤ እንደሆነው ልንገርሽ።

የጅጌው ቀን ሰው ከማዶም ከወዲህም መጣ። ነዶው ተከምሯል፣ ዱዓው ተደርጓል፣ ሞተሩም ናፍጣ ጠጥቷል። ልጀምር ስል ቄስ ይመር በመቋሚያቸው ጫፍ ቮላኖውን ነካ አደረጉት፣ እንዲያው በልማድ፤ ሲያልፉ ሁሉ የሚመቱት ደወላቸው አይደለም ወይ። ከዚያ ቆሙ። ደግመው መቱት። ከንፈራቸውን አየሁ፤ «ይኼ የኔ ደወል ድምፅ አይደለም» አሉ። እኔ ተናደድኩ። ብረቱ ቅባት ጠጥቶ ነው፣ ማሽኒስቱ እኔ ነኝ አልኩና ወደ ሞተሩ ሄድኩ። ሽማግሌው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ነዶው የሚገባበት የመውቂያው አፍ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ እኔን ትወቃለህ» አሉኝ።

ያን ሁሉ ሰው ሳቅ ያዘው፣ እኔን ግን አላሳቀኝም። ለማሳፈር ብዬ ቮላኖውን ናፍጣ ቀባሁት፣ ጠረግኩት፣ ከላዩ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ ስንጥቅ ካለ የገባው ናፍጣ ዱቄቱን ያረጥበዋል፣ ድሮ የተማርኩት ነው። የለም ብዬ ላሳያቸው ነበር። ዱቄቱ ላይ ከመሃል እስከ ጠርዝ እርጥብ መስመር ወጣ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኡሙሰልማ ከኔ አጠገብ ነበረች፤ ልጆቿም ከኋላዋ። መዳፌ ደህና ነው ብሎኝ ነበር ሀፊዛ።

የዘንድሮውን ስንዴ ባሉት በሬዎች እየተዋዋስን በጣጣ ወቃነው። የተሰነጠቀው ቮላኖ ወደ ዛፉ ተመለሰ፤ አሁን ሲመታ እንደ ሸክላ ነው ይላሉ፣ ለእኔ ልዩነት የለውም። የጅጌው ሰው በሙሉ ለጊዮርጊስ እውነተኛ ደወል እንገዛለን ብሏል። ቄሱ ግን መጀመሪያ መውቂያው አሉ፣ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ድረስም አብረውኝ ሄዱ። አዲስ ቮላኖ ከወፍራም ብረት ተቆርጦ ይሠራልናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቺንጋውም ኩሽኔታውም ተገኝቷል፤ ያጣሁት ጆሮ ነው፣ እሱን ደግሞ በሻንጣ አይልኩትም። ይህን ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ያልጻፍኩት ለምን መሰለሽ፤ እኛ አገር ውጭ ያለን ሰው ነይ ብሎ የሚጠራ የለም። አብሽሪ እንላለን፣ አላህ በሰላም ያገናኘን እንላለን። የጠራ ሰው ለእንጀራዋ ዋስ ነውና። መጥታ ብትቸገር በማን ቃል መጣሁ ትላለች? እኔም ይህን ዋስትና ፈርቼ ስለ ብረት እጽፍልሽ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ሌላ ሰው የማያውቀው። እናትሽ ከአሱር ሶላት በኋላ የተስቢሕ መቁጠሪያዋን ይዛ በራፏ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ከጓሮዬ መውቂያውን ስጠግን ፊቷ ይታየኛል። ዱዓዋን ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፤ ድምፅ አታወጣም፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማትም። ከንፈሯን ግን ክረምቱን ሙሉ ሳየው ከረምኩ። «ያ ረቢ፣ ልጄን መልስልኝ» ነው የምትለው። ከዚያ ስልኩን ታነሳና አብሽሪ ትልሻለች።

እንግዲህ ዋሱ እኔ ልሁን። ነይ።

አጎትሽ ኑርዬ

&nbsp;

ሻርጃ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ ኑርዬ፤ የጻፈ እጅዎን አላህ ይጠብቅልኝ።

አልፈረምኩም። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቆሜ ነው፤ ማሽኖቹ ሁሉ ሲዞሩ ምንም አልሰማሁም። ወረቀቱን ለኃላፊው ባዶውን መለስኩለት። አጎትሽ መለሰ? አለኝ። መለሰ አልኩት።

የወሩ መጨረሻ ላይ እገባለሁ። ወንድሜ ብርድ ልብስና ስልክ እንዳይጠብቅ ይንገሩልኝ፤ ሻንጣዬ በትርፍ ኩሽኔታና በመፍቻ ሞልቷል። ጠጋኛችን የራሱን መፍቻዎች ነው የሰጠኝ፤ ለአጎትሽ ብሎ። ቄስ ይመርንም ከመውቂያው አፍ ላይ ይውረዱ ይበሉልኝ፣ ተረኛዋ እየመጣሁ ነው።

እናቴ ጋ ደግሞ ከአሱር በኋላ በራፏ ላይ ስትቀመጥ ይሂዱና ሀፊዛ አብሽሪ ብላሻለች ይበሏት። ሞተሩን እኔ ሳልደርስ እንዳያስነሱት።

ልጅዎ ሀፊዛ